አራት ወይም አምስት ጎል ብቻ

ባለፈው ዓመት በሚያዝያ ወር፣ በክፍሎች መካከል በሚደረገው የእግር ኳስ ውድድር፣ እኛ ዘጠነኛ ክፍሎች ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ጋር እንድንጫወት ዕጣ ወጣብን። «ወጣብን» ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። አሥራ ሁለተኛዎቹ ከዚያ በፊት አሥረኛ ክፍልን 6 ለ 0 አሸንፈው ነበርና፣ ዕጣው በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ በታየ ጊዜ የክፍላችን ልጆች አንዳንዶቹ ሣቁ፤ አንዳንዶቹም ወደ እኔ ዞረው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። በረኛው እኔ ነበርሁና።

በጨዋታው ዋዜማ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስድስቱን ጎሎች አንድ በአንድ በዓይኔ አይቻቸው ስለ ነበር፣ ጨለማው ውስጥ ሆኜ እየደጋገምሁ በራሴ ላይ አስገባቸው ነበር። ሲነጋ ለእናቴ «ሆዴን ቈረጠኝ» አልኋት። እርሷም ግንባሬን ዳሰሰችና ጤና አዳም አፍልታ አጠጣችኝ፤ «ዛሬ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አትልም» ብላም አዘዘችኝ። እኔም የታዘዝሁ መስዬ ተሸፋፍኜ ተኛሁ። በእኔ ቦታ፣ ከዚያ በፊት በረኛ ሆኖ የማያውቅ፣ በቁመቱም ከክፍላችን አጫጭሮች አንዱ የሆነ ልጅ ገባ። ጨዋታው 2 ለ 1 አለቀ፤ ተሸነፍን። ነገር ግን ያ ልጅ ያዳናቸውን ኳሶች የክፍሉ ልጆች ሳምንቱን ሙሉ ሲያወሩ ሰነበቱ፤ እኔም አብሬ ተቀምጬ ሰማሁ።

ይህን የምጽፈው ስለ ራሴ ለማውራት ብዬ አይደለም። የምጽፈው በሌላ አገርና በሌላ ዘመን ስለ ነበረ አንድ በረኛና ስለ ጓደኞቹ ነው። ነገር ግን ያንን ሰው ስለ ምን እንደምወደው አንባቢ እንዲረዳልኝ ከዚህ መጀመር ግድ ሆነብኝ።

ከዚያ ጨዋታ ጥቂት ሳምንታት በኋላ የስፖርት መምህራችን አንድ ፎቶግራፍ ይዘው ወደ ክፍል ገቡ። በፎቶግራፉ ላይ አንድ ወጣት የኳስ ልብሱን እንደ ለበሰ ብዙ ሰዎች በትከሻቸው ተሸክመውት ይሥቃል። «ይህ ሰው ማን ነው?» ብለው ጠየቁን። አንዱ ልጅ «ፔሌ ነው» አለ፤ ሌሎቻችን ዝም አልን። መምህራችንም ስሙ ጆ ጌጀንስ መሆኑን፣ አንዲት ጎል ብቻ አግብቶ የዓለምን ኳስ ወዳድ ሁሉ እንዳስደነቀ ነገሩን፤ ደወል ሲደወልም «የቀረውን ራሳችሁ ፈልጉ» ብለው ፎቶግራፉን ይዘው ሔዱ። እኔም ፈለግሁ።

ዘመኑ 1942 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1950 መሆኑ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ በብራዚል አገር ይደረግ ነበር። እንግሊዞች የዛሬውን የእግር ኳስ ሕግ ለዓለም የሰጡ ሰዎች ሲሆኑ፣ ከጦርነቱ በፊት በተደረጉት ሦስት የዓለም ዋንጫዎች አልተካፈሉም ነበር፤ ከፊፋ ጋር ተጣልተው በ1928 እ.ኤ.አ. ወጥተው፣ የተመለሱት በ1946 እ.ኤ.አ. ነውና። ስለዚህ ወደ ብራዚል ሲመጡ ለመጀመሪያ ጊዜያቸው ነበር፤ ሆኖም ብዙ ሰው ዋንጫውን ከሚወስዱት መካከል ይቈጥራቸው ነበር። ካፒቴኑ ቢሊ ራይት ነበር። ከአጥቂዎቹ ቶም ፊኒ፣ ስታን ሞርተንሰንና ዊልፍ ማኒየን፣ ከተከላካዮቹ ደግሞ አልፍ ራምሲ ነበሩበት። የመጀመሪያ ጨዋታቸውን ቺሊን 2 ለ 0 አሸንፈው ጀመሩ።

በዚያ ቡድን ውስጥ ስታንሊ ማቲውስ የሚባል፣ በክንፍ በኩል ሲያልፍ ማንም የማይዘው የተባለለት ተጫዋች ነበረ። ነገር ግን በዚያን ዕለት ከተመልካች ጋር ተቀምጦ ነበር። ተጫዋቾቹን የሚመርጡት አርተር ድሩሪ የሚባሉ ሰው «ያሸነፈ ቡድን አይለወጥም» የሚል ሐሳብ ስለ ነበራቸው፣ ቺሊን ያሸነፉት ራሳቸው ይግቡ ብለው ወሰኑ። እኝህ ሰው በኋላ የፊፋ ፕሬዚዳንት እስከ መሆን ደርሰዋል። እኔ ግን ስለ ማቲውስ ባነበብሁ ቍጥር፣ ከአሜሪካኖች ጋር ለሚደረግ ጨዋታ እርሱን ማስገባት ሥጋን በመጥረቢያ እንደ መክተፍ ሳይመስላቸው አልቀረም እላለሁ።

እንዲህ ቢያስቡም የሚፈረድባቸው አይደሉም። አሜሪካ በሌላው ነገር ሁሉ ታላቅ አገር ስትሆን በእግር ኳስ ግን ደካማ ነበረች። ከሁለት ዓመት በፊት በሎንዶን ኦሊምፒክ ኢጣልያ 9 ለ 0 አሸንፋታለች። ወደ ብራዚል የሔዱትም ተጫዋቾች በአገራቸው የሚያውቃቸው ሰው ጥቂት ነበር፤ አብዛኞቹም እንጀራቸውን የሚያገኙት ከኳስ አልነበረም። ዋልተር ባር በፊላደልፊያ ከተማ የትምህርት ቤት መምህር ነበር። ሃሪ ኪዮ ፖስታ ቤት ይሠራ ነበር። ቻርሊ ኮሎምቦ የሚባለው የመሐል ተከላካይ እጁ ላይ ጓንት አጥልቆ ስለሚጫወት ሰዎች «ጓንቴ» ይሉት ነበር፤ ሥራው ግን ከጓንት ይልቅ መዶሻ ይመስላል። አሠልጣኙ ቢል ጄፍሪ ከስኮትላንድ የመጡ፣ በአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ኳስ የሚያሠለጥኑ ሰው ነበሩ።

በረኛው ፍራንክ ቦርጊ ይባላል። ዕድሜው 25 ዓመት፣ አገሩ ሴንት ሉዊስ ነው። በጦርነቱ ጊዜ በአውሮፓ የጦር ሜዳ ቍስለኛ የሚያነሣ የሕክምና ወታደር ነበር። ከጦር ሜዳ ከተመለሰ በኋላ በአጎቱ የቀብር አስፈጻሚ ድርጅት የሬሳ መኪና ይነዳ ነበር። ወጣትነቱን የጀመረው በቤዝቦል ነውና ኳስ መያዝና መወርወር እንጂ በእግር መምታት አልሆነለትም። ስለዚህ በጨዋታ ጊዜ ኳሷን ይዞ እየወረወረ ያቀብላል፤ የመልስ ምት ሲሆንም ሌላ ሰው ይመታለታል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ብቻዬን ሣቅሁ፤ እኔም ኳስ በእግሬ ስመታ ከሜዳው ውጭ ያሉትን ልጆች እመታለሁና።

ጌጀንስም ቢሆን አሜሪካዊ አልነበረም። የተወለደው በሀይቲ ዋና ከተማ በፖርት ኦ ፕረንስ ሲሆን፣ ወደ ኒው ዮርክ የሔደው የሒሳብ አያያዝ ትምህርት ለመማር ነው። እየተማረ በአንድ ምግብ ቤት ሳሕን ያጥብ ነበር። የዜግነት ወረቀት ለመውሰድ አሳቡን ካስታወቀ መጫወት ይፈቀድለት ስለ ነበር ተመረጠ፤ ስኮትላንዳዊው ኤድ ማኪልቬኒና ቤልጂጋዊው ጆ ማካም እንደዚሁ።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረት እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ይጠቀሳል። እዚህ ላይ ግን ልክ አይመጣም። እነዚህ ሰዎች ለማበር ጊዜ አላገኙም ነበር። ከየሥራቸው ፈቃድ ወስደው በመጨረሻው ሰዓት ተሰባሰቡ፤ ወደ ብራዚል ከመሔዳቸው በፊት አሜሪካን እየዞረ ይጫወት ከነበረ ሌላ የእንግሊዝ ቡድን ጋር ተጋጥመው 1 ለ 0 ተሸነፉ። በዓለም ዋንጫው የመጀመሪያ ጨዋታቸው ከስፓንያ ጋር ነበር። እስኪያልቅ 10 ደቂቃ ያህል እስኪቀረው ድረስ 1 ለ 0 መርተው፣ በዚያች ጥቂት ጊዜ ሦስት ጎል ገብቶባቸው 3 ለ 1 ተሸነፉ። ስለዚህ ከእንግሊዝ ጋር ሊጋጠሙ ሲሉ ቦርጊ በልቡ የተመኘውን በኋላ ለሰዎች ተናግሯል። የተመኘው ማሸነፍ አይደለም። ጎሉ ከአራት ወይም ከአምስት እንዳይበልጥ ብቻ ነበር የተመኘው።

እዚህ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ዘጋሁት። እኔም በሚያዝያ ሌሊት የቈጠርሁት ይህንኑ ነበርና። እርሱ አራት ወይም አምስት ብሎ ቈጠረ፤ እኔ ስድስት ብዬ ቈጠርሁ። በማግሥቱ እርሱ ልብሱን ለብሶ ወደ ሜዳ ወጣ።

ጨዋታው የተደረገው ሰኔ 22 ቀን 1942 ዓ.ም. (ጁን 29 ቀን 1950 እ.ኤ.አ.) ቤሎ ሆሪዞንቴ በተባለች የብራዚል ከተማ ነው። ወደ 10 ሺህ ያህል ተመልካች ነበረ። ብራዚሎቹ እንግሊዝ ኋላ በዋንጫው መንገድ ላይ እንዳትገጥማቸው ስለ ፈለጉ ለአሜሪካኖቹ ይጮኹ ነበር፤ መጀመሪያ ላይ ግን የሚያስጮኽ ነገር አልነበረም። ዳኛው ኢጣልያዊው ጄኔሮዞ ዳቲሎ ፊሽካውን ከነፋ ጀምሮ እንግሊዞቹ ወደ ቦርጊ ጎል ጐረፉ። ኳስ ምሰሶውን መታች፤ ኳስ ከአግዳሚው በላይ አለፈች፤ የቀረችውን ቦርጊ ያዘ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጎል ሊሆኑ የሚገባቸው ኳሶች ብዙ ናቸው። ከጨዋታው በኋላ «ዕድል ነው» ያሉት እንግሊዞች፣ ስለዚህኛው ክፍል ከሆነ እውነት አላቸው። ምሰሶ የመታች ኳስ ከዕድል በቀር የሚመልሳት የለም።

ነገር ግን ዕድል ጎል አያገባም። በ38ኛው ደቂቃ ማኪልቬኒ ከጠርዝ ኳሷን በእጁ ወርውሮ ለባር ሰጠው። ባር፣ ያ የፊላደልፊያው መምህር፣ ጥቂት ገፋ አድርጎ ከ20 ሜትር በላይ ከሚሆን ርቀት ወደ ጎል መታት። የእንግሊዙ በረኛ በርት ዊሊያምስ ኳሷ ወደምትመጣበት ወደ ቀኙ ሔደ፤ ይይዛትም ነበር። በዚህ ጊዜ ጌጀንስ ከተከላካዮቹ መካከል ብቅ ብሎ ራሱን በአየር ላይ ወረወረና በግንባሩ ነካት። መንገዷን ለወጠች፤ በረኛው ከሔደበት በተቃራኒው በኩልም ገባች። ጌጀንስ በግንባሩ መሬት ላይ ተደፍቶ ስለ ነበር ስትገባ አላያትም ይባላል።

ይህች ጎል ታስባባት የገባች ናት ወይስ ኳሷ ራሷ መጥታ ራሱን መታችው የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አላለቀም። ከእንግሊዞቹ ወገን «መታችው» ያሉ አሉ። አብረውት የተጫወቱት ግን እንዲህ ያለ ጎል ማግባት የጌጀንስ ልማድ ነው፤ ማንም ይደርስባታል ብሎ የማያስባትን ኳስ እየዘለለ የሚነካ ሰው ነው ብለው መስክረዋል። እኔ ዳኛ አይደለሁም። ሆኖም ቆሞ የሚያይ ሰው ራስ ላይ እንዲህ ያለች ኳስ ስትወድቅ አላየሁም፤ እርሱ ወደ እርሷ ዘሏል።

ከዕረፍት በኋላ የነበሩት 45 ደቂቃዎች ለአንድ በረኛ ምን ያህል ረጅም እንደሚሆኑ በረኛ የሆነ ያውቃል። ተመልካቹ አሁን በእውነት ይጮኽ ነበር፤ እንግሊዞቹም እየተቻኰሉ መጡ። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ሞርተንሰን ተከላካዮቹን ሁሉ አልፎ ወደ ጎል ሲሮጥ፣ ጓንቴው ኮሎምቦ ከኋላ ደርሶ እንደ በሬ ጣለው። እንግሊዞቹ ፍጹም ቅጣት ምት ይሰጠን ብለው ጮኹ። ዳቲሎ ግን ጥፋቱ ከክልሉ ውጭ ነው ብለው ተራ ቅጣት ምት ሰጡ። ራምሲ አሻገረ፤ ጂሚ ሙለን በቴስታ መታ፤ ኳሷ መስመሩን ልታልፍ ስትል፣ እንደ እንግሊዞቹ ቃል ደግሞ ካለፈች በኋላ፣ ቦርጊ ደርሶ በእጁ ጨረፋት። አራት ወይም አምስት ይገባብኛል ብሎ የወጣው ሰው አንድም ሳይገባበት ዋለ።

ፊሽካው ሲነፋ ብራዚሎቹ አጥሩን ዘለው ገቡ፤ ጌጀንስንም በትከሻቸው አንሥተው ተሸከሙት። መምህራችን ያሳዩን ፎቶግራፍ ይህ ነው።

የእንግሊዝ ጋዜጦች ውጤቱ በቴሌግራም በደረሳቸው ጊዜ የጽሑፍ ስሕተት መስሏቸው «እንግሊዝ 10፣ አሜሪካ 1» ብለው አተሙ የሚል ወሬ አለ። ያማረ ወሬ ነው፤ ነገር ግን የዚያን ቀን ጋዜጦች ያገላበጡ ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር እንዳላገኙ ጽፈዋል። እውነተኛው ነገር ከዚህ ይልቅ ያስገርማል። በዚያው ቀን በሎንዶን የምዕራብ ኢንዲስ የክሪኬት ቡድን እንግሊዝን በሎርድስ ሜዳ ለመጀመሪያ ጊዜ አሸንፏል፤ የእንግሊዝም ጋዜጦች ያዘኑት ለክሪኬቱ ጭምር ነበር። እነዚያ የክሪኬት ተጫዋቾች የመጡት ከካሪብያን ባሕር ደሴቶች ነው። ሀይቲም በዚያው ባሕር ላይ ናት።

በአሜሪካ ደግሞ ያዘነም የተደሰተም አልነበረም። ከአሜሪካ ጋዜጠኞች በቦታው የተገኘው ዴንት ማክስኪሚንግ የሚባል የሴንት ሉዊስ ሰው ብቻ ሲሆን፣ እርሱም ከመሥሪያ ቤቱ ዕረፍት ወስዶ በራሱ ገንዘብ ነበር የሔደው። ባር ወደ አገሩ ሲመለስ በአውሮፕላን ማረፊያ የተቀበለችው ሚስቱ ብቻ ነበረች። ቡድኑም ቢሆን ሩቅ አልሔደም፤ ከሦስት ቀን በኋላ በቺሊ 5 ለ 2 ተሸንፎ ወጣ። እንግሊዝም በዚያው ቀን በስፓንያ 1 ለ 0 ተሸንፋ ወጣች። አሜሪካ ከዚያ በኋላ ወደ ዓለም ዋንጫ የተመለሰችው በ1990 እ.ኤ.አ. ነው፤ 40 ዓመት ሙሉ ቈይታ ማለት ነው። ራምሲ የዚያን ቀን ሽንፈት ተሸክሞ ኖሮ የእንግሊዝ ቡድን አሠልጣኝ ሆነ፤ በ1966 እ.ኤ.አ.ም የዓለም ዋንጫን ለአገሩ አስገኘ።

ፎቶግራፉን መጀመሪያ ባየሁ ጊዜ በሰው ትከሻ ላይ የሚሥቀው ልጅ ከዚያ በኋላ ደስ ብሎት ኖሮ ያረጀ መስሎኝ ነበር። ጌጀንስ ከብራዚል በኋላ ወደ ፈረንሳይ ሔዶ ጥቂት ዓመት ተጫወተ፤ ከዚያም ወደ ሀይቲ ተመልሶ ላውንደሪ ከፈተ፤ አገባ፤ ሦስት ወንዶች ልጆች ወለደ። እርሱ ራሱ በፖለቲካ ውስጥ እጁን አላገባም። ቤተ ሰቡ ግን በ1957 እ.ኤ.አ. በተደረገው ምርጫ ከፍራንሷ ዱቫሊዬ ጋር የተወዳደረውን ሉዊ ዴዥዋን ደግፎ ነበር። በ1964 እ.ኤ.አ. ዱቫሊዬ የዕድሜ ልክ ፕሬዚዳንት ነኝ ብሎ ካወጀ በኋላ፣ ሐምሌ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. (ጁላይ 8 ቀን 1964 እ.ኤ.አ.) ቶንቶን ማኩት የሚባሉት የዱቫሊዬ ታጣቂዎች መጥተው ጌጀንስን ያዙት። ከዚያ ቀን በኋላ ቤተ ሰቡ አላየውም። ፎር ዲማንሽ በተባለው እስር ቤት እንደ ተገደለ ይታመናል፤ መቃብር ግን የለውም። ዕድሜው 40 ዓመት ነበር።

መምህራችን ይህን ለምን እንዳልነገሩን ጠየቅኋቸው። ደወሉ ቀደመኝ አሉኝ። እኔ ግን ሆን ብለው የተዉት ይመስለኛል።

ቦርጊ የኖረው እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ በሴንት ሉዊስ በዚያው በቀብር ሥራ ላይ ቈየ። ስለዚያ ቀን የጠየቀው ሰው ሁሉ ያችን የአራትና የአምስት ጎል ነገር ሳያፍር ይነግረው ነበር። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ አለማፈሩ ነው። እኔ ይህን ገጽ ለመጻፍ አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ዘንድሮ እኛ አሥረኛ ክፍል ሆነናል። በረኛው ያ አጭሩ ልጅ ነው፤ እኔ የግራ ተከላካይ ነኝ። በክፍል ውስጥ ከፊት ለፊቴ ባለው ዴስክ ላይ ይቀመጣል። በሚያዝያው ጨዋታ ማግሥት ጠዋት ዞር ብሎ «ሆድህ እንዴት ዋለ?» ሲለኝ «ተሻለኝ» አልሁት እንጂ ሌላ አልነገርሁትም። ይህ መጽሔት ሲታደል ቶሎ ቶሎ ከሚያነቡት ልጆች አንዱ እርሱ ነው። እናቴም ታነበዋለች።